ድልድይ፣ አጥንትና የጫጩት ፅንስ፦ ከዳንዲ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ባቡሩ ከኤድንበርግ የተነሣው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከ ዳንዲ ዘጠና አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ያስኬዳል፤ ትኬቱ መሄጃው ብቻ ከሃያ ፓውንድ ከፍ ይላል። ወሩ ሰኔ ቢሆንም ሰማዩ ዳመናማ ነው፤ ሰዉም ጃኬቱን አላወለቀም። ያረፍኩባቸው ዘመዶቼ “በቀኝ በኩል መስኮት ዳር ተቀመጥ፣ የፈረሰው ድልድይ የሚታየው በዚያ ነው” ብለውኝ ስለነበር እንደዚያው አደረግሁ።

የምሄደው የቀድሞ ተማሪዬን ለማየት ነው። አዲስ አበባ ባዮሎጂ ሳስተምር ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ዛሬ ዳንዲ ለዶክትሬት ትማራለች፤ የምታጠናው የጫጩት ፅንስ ቅርጹን እንዴት እንደሚይዝ ነው። በስልክ “ቲቸር፣ ሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም ጠመኔ ይሥሉልን የነበረው ነገር እዚህ ሲንቀሳቀስ ያዩታል” አለችኝ፤ ይህን ሰምቶ መቅረት አልሆነልኝም። በመማሪያ መጽሐፋችን ፅንሱ መጀመሪያ አንድ ንጣፍ ነው፣ ከዚያ ሕዋሳቱ ወደ ውስጥ ገብተው ሦስት ንጣፍ ይሆናሉ ይላል። የሚያስገባቸው ኃይል ከየት እንደሚመጣ መጽሐፉ አያነሣም፤ ተማሪዎቼም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ባቡሩ ፎርዝ ድልድይ ላይ ወጣ። በፎቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በውስጡ ማለፍ ግን ሌላ ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ወፍራም የብረት ቱቦ በመስኮቱ በኩል እየተመላለሰ ያልፋል፣ በመካከሉ ባሕሩ ወደ ታች አርባ ስድስት ሜትር ርቆ ይታያል። ድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ የተከፈተው በ1890 ነው (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ቤንጃሚን ቤከር አሠራሩን ለሕዝብ ያስረዳው በሰው አካል ነበር። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ፣ ከእጃቸው እስከ ወንበሩ እግር በትር ደገፉ፣ በመካከላቸው ካይቺ ዋታናቤ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ። ክንዶቹ ይሳባሉ፣ በትሮቹ ይጨመቃሉ፣ መሐል ያለው ሰው ግን አይወድቅም። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ።

ይህን ያነሣሁት ዳንዲን ያለ ዳርሲ ቶምሰን መጻፍ ስለማይቻል ነው። በ1860 ኤድንበርግ የተወለደው ይህ ሰው በ1884 ዳንዲ ላይ የባዮሎጂ መምህር ሆኖ ሲሾም የፎርዝም አዲሱ የቴይም ድልድዮች ገና እየተሠሩ ነበር። ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ የአራት እግር እንስሳን አፅም ከፎርዝ ድልድይ ጋር አስተያየው፦ የፊት እግርና የኋላ እግር ምሰሶ ናቸው፣ የጀርባ አጥንቱና ጅማቱ መጨመቅንና መሳብን ተካፍለው ይሸከማሉ። አጥንት እንደ ሸክሙ ይቀረጻል ብሎ ያምን ነበር፤ ከዚያም አልፎ የሕያው ነገር ቅርጽ ሁሉ የደረሰበትን ኃይል ያሳያል አለ።

ፋይፍ የሚባለው አገር በመስኮቱ አለፈ፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር፣ አልፎ አልፎ ባሕር። ከሉካርስ ጣቢያ በኋላ ቴይ ወንዝ መጣ። እዚህም ድልድዩ ረጅም ነው፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በቀኝ በኩል ከውኃው ብቅ ያሉ የድንጋይ ጉቶዎች ተሰልፈው ይታያሉ። የመጀመሪያው ድልድይ እግሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1879 ማታ በአውሎ ነፋስ መካከሉ ተሰብሮ ባቡር ከነተሳፋሪው ወንዝ ውስጥ ገባ፤ በሕይወት የተረፈ የለም። ምርመራው ንድፉ የነፋሱን ግፊት በሚገባ እንዳላሰበ አረጋገጠ። ጉቶዎቹን እስኪያልቁ ድረስ አየኋቸው።

ተማሪዬ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ጉንጬን ሳመችኝና ሻንጣዬን ልቀበልዎት ብላ ታገለችኝ። የዕረፍት ጊዜ የለኝም፣ ነገ ጠዋት ቤተ ሙከራ እንገባለን አለች። የሐዋርያት ጾም ስለነበረ ማታ ምስር ወጥ ሠራች፤ እንጀራው ከኤድንበርግ ይዤላት የመጣሁት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ አልመሸም። መጋረጃው ስስ ስለነበር እንቅልፍ የወሰደኝ ዘግይቶ ነው።

ዓርብ

ቤተ ሙከራው ውስጥ መጀመሪያ የተሰማኝ ሙቀት ነው። መፈልፈያው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ያጉረመርማል፤ እንቁላሎቹ በእርሳስ ሰዓት ተጽፎባቸው በጎናቸው ተኝተዋል። አንዱን አወጣች፣ ሰበረችውና ነጩን አፍስሳ አስኳሉን ሳህን ላይ አስቀመጠችው። አስኳሉ ላይ ነጣ ያለች ክብ ቦታ አለች። ቀና ብላ “ፅንሱ ይኼ ነው” አለች። ያቺ ክብ እንቁላሉ በተጣለ ሰዓት አራት ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ።

ቀጥሎ ያደረገችውን ከአጠገቧ ሆኜ ተመለከትኩ። መሐሉ የተቀደደ የማጣሪያ ወረቀት አስኳሉ ላይ አኖረች፤ ወረቀቱ ቀዳዳው ፅንሱ ላይ እንዲውል ሆኖ ስሱን የአስኳል ሽፋን ያዘ። ዙሪያውን በመቀስ ቆርጣ ወረቀቱን አነሣች፣ ፅንሱም ከሽፋኑ ጋር ተወጥሮ አብሮ ተነሣ። ገለበጠችውና ከእንቁላል ነጭ ጋር የተቀላቀለ ጄል ላይ አስተኛችው። ከዚያ በኋላ ከእንቁላሉ ውጭ ሲያድግ በማይክሮስኮፕ መከታተል ይቻላል። ወረቀቱ ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኋት።

“ውጥረቱ እንዳይጠፋ ነው፣ ቲቸር። ጠርዝ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሽፋኑን ይዘው ወደ ውጭ ይጓዛሉ፤ እነሱ ሲጎትቱ መሐሉ ይወጠራል። ከሽፋኑ ከተላቀቀ ይኮማተራል፣ በደንብም አያድግም።”

ይህን መስማቴ ብቻ ለመንገዱ ይበቃኝ ነበር። ፅንሱ ገና አንድም አካል ሳይኖረው፣ ልብም ራስም ሳይለይ፣ እየተሳበ ነው።

ከዚያ ፊልሙን ከፈተችልኝ። በኬስ ዌየር ይመራ የነበረው የዳንዲ ቡድን በ2015 ያሳተመው ሥራ ነው። ኤድንበርግ አጠገብ ያለው የሮዝሊን ተቋም የሕዋሶቻቸው ሽፋን በአረንጓዴ ብርሃን የሚታይ ዶሮዎች አርብቷል፤ የእነዚያ ዶሮዎች ፅንስ ስስ የብርሃን ንጣፍ በሚያሳልፍ ማይክሮስኮፕ ለሰዓታት ተቀርጿል። ከመቶ ሺህ በላይ ሕዋሳት አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። በግራና በቀኝ ሁለት ሰፊ ሽክርክሪት ይነሣል፤ ሁለቱም ከኋላ በኩል መሐል ላይ ይገናኙና አብረው ወደፊት ይቀናሉ። በተገናኙበት ቦታ መስመር ይወጣል። ፕሪሚቲቭ ስትሪክ የሚሉት ይህን ነው፤ የጀርባችን አቅጣጫ መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ መስመር ነው፤ ሕዋሳቱም ወደ ውስጥ ገብተው ሦስቱን ንጣፍ የሚሠሩት በእሱ በኩል ነው። ፊልሙን ሦስቴ አስደገምኳት። ሕዋሶቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቁ ይመስላሉ፤ እሷ ግን ማንም ሕዋስ መድረሻውን አያውቅም፣ የሚያውቀው የጎረቤቱን መሳብ ብቻ ነው አለች።

አጉልታ ስታሳየኝ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አንድ ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራው ድንበር ያጥራል፣ ያጥርና ይጠፋል፤ አራት ሕዋሳት ለአፍታ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ቀጥሎ በሌላ አቅጣጫ አዲስ ድንበር ይከፈታል፣ ቀድሞ የማይነካኩት ሁለቱ ጎረቤት ይሆናሉ። ታክሲ ተራ ላይ ሁለት ረድፍ የነበረ ሰልፍ ተራ አስከባሪው መጥቶ አንድ ረድፍ ሲያደርገው ሰው ሳይጨመር እየጠበበ ይረዝማል፤ ፅንሱም የሚረዝመው እንዲሁ እየተጠላለፈ ነው። ድንበሩን የሚያሳጥረው ጡንቻችን ውስጥ ከሚሠራው ጋር ዘመድ የሆነ ማዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። አክቲን በሚባለው ክር ላይ ይጎትታል፤ ሕዋሳቱ ደግሞ ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ስለተያያዙ አንዱ የጎተተው ሌላው ዘንድ ይደርሳል። በዳንዲው ፊልም ላይ ማዮሲኑ በተከታታይ ሕዋሳት ድንበር ላይ አንድ መስመር ይዞ ተሰልፎ ይታያል። የሚያግደው መድኃኒት ሲጨመር መጠላለፉ ይቆማል።

መሳቡ በእርግጥ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ አልኳት። የሌዘር ፊልም አሳየችኝ። አንዱን ድንበር በሌዘር ይበጥሱታል፤ የተበጠሱት ጫፎች በሰከንዶች ውስጥ ግራና ቀኝ ይፈናጠራሉ። ፈጥነው ከራቁ ውጥረቱ ብዙ ነበር፣ ቀስ ብለው ከራቁ ትንሽ ነበር። ይህ ግን ማወዳደሪያ እንጂ መለኪያ አይደለም፤ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ዝልግልግነት ስለሚያዘገየው ቁጥሩን በቀጥታ መውሰድ አይቻልም። በዜብራ አሳ ፅንስ ላይ ግን ኦትገር ካምፓስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሕዋሳት መሐል ጥቃቅን የዘይት ጠብታ አስገብተው፣ ጠብታው ሲጨመቅ ከሚያመጣው ቅርጽ ኃይሉን አስልተዋል። በ2018 ባወጡት ሥራ ደግሞ የአሳው ጅራት ጫፍ ያለው ኅብረ ሕዋስ እንደ ፈሳሽ ሲፈስ፣ ትንሽ ወደ ፊት ራቅ ያለው ጠጣር ሆኖ እንደሚገኝ አሳዩ፤ ሰውነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚረዝመው በዚህ ልዩነት ነው። ቀጥሎ ስሌቱን ልታስረዳኝ ወረቀት አወጣች፤ በሁሉም አቅጣጫ ያለውን መሳብ አንድ ላይ የሚይዝ ቴንሰር የሚባል ነገር አለ። ሁለት ጊዜ አስረዳችኝ፣ አልገባኝም። ወረቀቱን ግን ይዤዋለሁ።

ዘረ መሉስ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ፣ ለዓመታት ሳስተምር የኖርኩት እሱን ነውና። “ዘረ መሉማ ማዮሲኑን ይሠራል፣ የት ቦታ እንደሚበዛም ይወስናል። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲስብ ሌላው መልሶ ይስበዋል፤ ያ የሚያወጣው ቅርጽ የትም አልተጻፈም” አለች። ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል። ኤማኑኤል ፋርዥ ፓሪስ ላይ በ2003 የፍሬ ዝንብ ፅንስን በቀስታ ሲጫነው ትዊስት የተባለው ዘረ መል በማይሠራበት ቦታ መሥራት ጀመረ። መግፋት ራሱ ለዘረ መል ትእዛዝ ይሆናል ማለት ነው። ከሰማሁት ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ፤ እስካሁንም እያሰብኩት ነው።

ከመውጣታችን በፊት ሁለት ቀን ያለፈው እንቁላል ቅርፊቱን በመስኮት መልክ ቆርጣ አሳየችኝ። ቀያይ የደም ሥሮች አስኳሉ ላይ ተሰራጭተዋል፣ መሐላቸው ልቡ ይመታል። ጀርባው ላይ ሁለት ግድግዳ ያለው ቦይ በስተራስ በኩል ተዘግቷል፣ በስተጅራት ገና ክፍት ነው። ያ ቦይ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ይሆናል። ወለሉ ላይ ያሉት ሕዋሳት ላያቸውን ያጠብባሉ፣ ንጣፉም በዚያ በኩል ይታጠፋል፤ ግድግዳዎቹ ተነሥተው ጫፋቸው ይገናኛል። ትንፋሼን ይዤ ነበር ያየሁት።

ምሳ የተጠበሰ ድንችና በቲማቲም የተሠራ ባቄላ በላሁ፤ ጾም ለያዘ ሰው ዳንዲ ከዚያ ሌላ ብዙም የለውም። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ዳርሲ ቶምሰን የእንስሳት ሙዚየም ሄድኩ። በበጋ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል፣ መግቢያው ነጻ ነው። አንድ ክፍል የሚያህል ቦታ ነው፤ አፅሞች፣ በብርጭቆ ዕቃ የተቀመጡ የባሕር እንስሳት፣ ብላሽካ የሚባሉት አባትና ልጅ ከመስታወት የሠሯቸው ሞዴሎች። ቶምሰን ራሱ ያቋቋመው ሙዚየም በ1950ዎቹ ሕንፃው ፈርሶ ስብስቡ አብዛኛው ተበትኗል፤ እዚህ ያለው የተረፈው ነው። ይህን ስሰማ አዘንኩ፤ ስንት ዓመት የተሰበሰበ ነገር በአንድ ውሳኔ ይበተናል።

ኦን ግሮውዝ ኤንድ ፎርም የተባለው መጽሐፉ በ1917 ሲወጣ 793 ገጽ ነበረው፤ በ1942 እንደገና ሲታተም ከ1,100 ገጽ አለፈ። ከሚታወቁት ሥዕሎቹ አንዱ እዚህ ይነሣል፦ አሳ በካሬ መስመሮች ላይ ተሥሏል፣ መስመሮቹ ሲጎብጡ አሳው ሌላ ዓይነት አሳ ይሆናል። ስለ ሕዋሳት ሲጽፍ ደግሞ የሳሙና አረፋን ይዞ ነው የተነሣው። አረፋ ውስጥ ሦስት ግድግዳዎች በአንድ ጠርዝ ላይ ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው፤ ይህን ሕግ ቤልጂጋዊው የፊዚክስ ሊቅ ፕላቶ ቀድሞ አግኝቶታል። ቶምሰን በብዙ ፅንስና ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ያንኑ ማዕዘን አየ፣ ውጥረቱ በሁሉም ወገን እኩል ቢሆን የሚጠበቀው ይኸው ነውና። ጠዋት ያየሁት ድንበር ግን 120 ዲግሪውን ጥሎ ነበር፤ ማዮሲን የበዛበት ወገን አብልጦ ስለሚስብ። እሱ ይህን ሊያይ የሚችልበት መሣሪያ አልነበረውም። ስለ ውርስና ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ በመጽሐፉ የሰጠው ቦታ ግን በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይ ጠብቧል፤ መሣሪያ ስላልነበረው ብቻ አይመስለኝም፣ ለፊዚክስ የነበረው ፍቅር ሌላውን አስረስቶታል። ሙዚየሙ ሲዘጋ የመጨረሻው ወጪ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ

ከዳንዲ ሴንት አንድሩስ በ99 ቁጥር አውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ተማሪዬ ልሸኝዎት ብላ አብራኝ መጣች። የባሕር ጉም ከተማውን ሸፍኖ ነበር፤ የካቴድራሉ ፍርስራሽ የሚታየው አጠገቡ ሲደርሱ ነው። ቶምሰን በ1917 ወደዚህ ተዛውሮ በ1948 እስኪሞት አስተምሯል፤ ከዳንዲው ጋር ስልሳ አራት ዓመት ፕሮፌሰር ሆነ። ሳውዝ ስትሪት 44 ቁጥር በኖረበት ቤት ግድግዳ ላይ ስሙ ተለጥፏል። አንድ መጽሐፍ ቤት ገብተን ጆን ታይለር ቦነር ያሳጠረውን የመጽሐፉን እትም በስምንት ፓውንድ ገዛሁ።

ሻይ ስንጠጣ ስለሚቀጥለው ሥራዋ ነገረችኝ። የነርቭ ቱቦው መዘጋት ነው። በሰው ፅንስ ይህ የሚፈጸመው ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ብዙ እናት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ኅብለ ሰረሰሩ ተገልጦ ይወለዳል፣ በራስ በኩል ከሆነ ደግሞ አይተርፍም። በአገራችን ይህ ችግር ከሌላው ዓለም ከፍ ብሎ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ጎረቤታቸው የወለደችውን እንዲህ ያለ ሕፃን ተማሪዬ ልጅ ሆና አይታለች፤ ወደዚህ ትምህርት የገፋኝ እሱ ነው አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ለንደን ላይ በ2017 የታተመ ሥራ አለ። የአይጥ ፅንስ ላይ ቦዩ ተዘግቶ የደረሰበትን ጫፍ በሌዘር ሲቆርጡት ያልተዘጋው ክፍል ወዲያው ተከፍቶ ይሰፋል። ስለዚህ ያ ጫፍ ሩቅ ያለውን ጭምር ይዞ ኖሯል። በሌላ ወገን ፎሊክ አሲድ የሚያደርገው ይታወቃል፦ በ1991 የወጣው የብሪታንያው ሙከራ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ በወለዱ እናቶች ላይ ችግሩ የመደገሙን ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብሪታንያ በ2024 የስንዴ ዱቄት ላይ እንዲጨመር ደነገገች፤ በኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄትን ማበልጸግ ግዴታ ሆኗል። ነገር ግን ጤፍና በቆሎ በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጭ እናት የፋብሪካ ዱቄት አይደርሳትም፤ ስለዚህ አዮዲን በሚገባበት ጨው ላይ ፎሊክ አሲድም ይጨመር የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ገጠር ውስጥ ጨው የማይገዛ ቤት የለም።

“ፎሊክ አሲዱ የሕዋሳቱን መሳብ ይነካው ይሆን ወይስ ሌላ ነገር ነው የሚያደርገው? እኔ መጠየቅ የምፈልገው እሱን ነው” አለች።

በሰው ፅንስ ላይ ቱቦው ሲዘጋ መሳቡን የለካ አለ ወይ አልኳት። የለም፤ ከአይጥ፣ ከጫጩት፣ ከእንቁራሪት ተነሥተው ነው የሚገምቱት። እሷ በጫጩት ልትጀምር ነው፤ እንደ ትናንቱ እንቁላል ቦዩ በከፊል ሲዘጋ፣ ጫፉን በሌዘር እየቆረጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 99 ቁጥሩ ሉካርስ ጣቢያ አወረደኝ፣ እሷ ወደ ዳንዲ ቀጠለች። የኤድንበርጉ ባቡር ትንሽ ዘግይቶ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ሙከራው ሲሄድ ውጤቱ ይሁንም አይሁን እንድትጽፍልኝ አደራ ብያታለሁ፤ በሚገባኝ ቋንቋ፣ ቴንሰሩንም ጨምራ።